«ጨብጥ» የተባልክባቸው ሦስት ጠዋቶች

ውድ ወንድሜ፣

እማዬ ስለ እኔ ያልከውን ሁሉ ሳትቀንስ ነግራኛለች። «እታለም አፏ አያርፍም፤ ከእንግዲህ አላናግራትም» ብለሃል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ቀን በዚያ የሆስፒታል ኮሪደር የብረት ወንበር ላይ ወገቤ እስኪደነዝዝ የተቀመጥኩት ትዝ አለኝና፣ «መቼም እጄ አመድ አፋሽ ነው» ብዬ ልተወው ነበር። ኋላ ግን ሌላም ነገር እንዳልካት ነገረችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው። እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ አንተ የማታውቀውን ልንገርህ።

የወደቅክ ዕለት የደንብ ልብስ ኮሌታ እየሰፋሁ ሳለ የምትሠራበት ሕንፃ ፎርማን ደወለልኝ። ክሬን ያንጠለጠለው የፌሮ እስር ዞሮ መትቶህ ከሁለተኛ ፎቅ ወድቀሃል። «ዞር በል ብለን ጮኽንለት፤ ደንግጦ ነው መሰለኝ ደርቆ ቀረ» አለኝ። እኔ ግን እንዳልደነገጥክ ወዲያው ገባኝ። በአሥር ዓመትህ ያ ትኩሳት ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ከጀርባህ መብረቅ ቢወርድ አትዞርም። ከንፈር እያነበብክ፣ ቀልዱ ሳይገባህ ከሰው ቀድመህ እየሳቅክ፣ ስድስት ዓመት ፌሮ ስታስር አንድ ሰው አልነቃብህም። ስትቀጠር ለማንም እንዳልናገር አስምለኸኛል፤ እኔም ምዬልሃለሁ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቼ ሳይህ አላወቅኩህም። ፊትህ አብጦ ዓይኖችህ ጠፍተዋል። የጎድን አጥንትህ ሳንባህን ወግቶታል፣ ዳሌህ ተሰብሯል፣ በአፍህ በገባው ቱቦ ማሽን ይተነፍስልሃል። ነርሷ «አትደንግጪ፤ እንዳይታገል በመድኃኒት አስተኝተነው ነው። ሲረጋጋ መድኃኒቱን እየቀነስን በየጠዋቱ እንሞክረዋለን» አለችኝ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ቀነሱልህ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ስምህን ጠራና «ከሰማኸኝ እጄን ጨብጥ» አለ። አልጨበጥክም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፤ አሁንም ያው። ደረትህን ሲጫንህ ግን ተወራጨህ። «ሕመም ይሰማዋል፤ ትእዛዝ አይቀበልም» ብሎ መዝገብህ ላይ ጻፈ። ቱቦውን እንዳትነቅልም እጆችህን በጨርቅ ከአልጋው ጋር አሰሯቸው።

«አይሰማም» ማለት አንዲት ቃል ናት። ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ግን ፎርማኑ በየቀኑ እየመጣ በመስታወቱ በኩል ያይሃል። ብናገር የአደጋው ጥፋት በሙሉ ባንተ ይደፋል፣ እንጀራህም ይቋረጣል። ለራሴ «እነዚህ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ስንት መሣሪያ አላቸው፣ ራሳቸው ይደርሱበታል» አልኩት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ሰባተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ነርሷ እየጮኸች ጆሮህ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት፤ እኔ የመስኮቱን መጋረጃ አያለሁ። በስምንተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ሙከራ ካለፈ በኋላ፣ ዶክተሩ ቢሮው ወሰደኝ።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ። ሳንባው እያገገመ ነው። የምፈራው ለጭንቅላቱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም መልስ አልሰጠንም። ነገ ተሰብስበን ሕክምናውን እስከ የት እንደምንገፋ እንወስናለን።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። «አይሰማም። ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። ዓይኑ ካላየ ምን እንደምትሉት አያውቅም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ደንግጬ... ረሳሁት።»

«ይሄ ይረሳል እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» እያለ ብድግ አለ። «ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋባችሁ እንዴት ነው የምታናግሩት?»

«መዳፉ ላይ እንጽፋለን።»

ወደ አልጋህ ተመለስን፤ ነርሷ የእጅህን ማሰሪያ ፈታችልኝ። በጣቴ መጀመሪያ «እታለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥዬ «ጨብጥ»። ጣቴን ልትሰብረው ነበር! ዶክተሩ አላመነም፤ የራሱን እጅ አቀበለህና እኔ እንደገና ጻፍኩ። «እሺ፣ እሺ፣ በቃ በይው፤ በዚህ እጅ ነው የምሠራው» አለ። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስብሰባው ቀረ። ከዚያ በአራተኛው ቀን ቱቦው ወጣልህ።

ነርሷ የዚያኑ ዕለት በትልልቅ ፊደል «አይሰማም፤ መዳፉ ላይ ጻፉለት» የሚል ወረቀት ከራስጌህ ለጠፈች። ፎርማኑ በመስታወቱ አነበበው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሥራህ በዚያ ወረቀት ሄደ፣ ወረቀቱን ያስለጠፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ብትቆጣኝ አልፈርድብህም። ነገር ግን ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ፤ ይቅርታ አልጠይቅህም።

አሁን ለእማዬ ወዳልካት ልምጣ። «ነቅቼ ነበር። ጨለማ ነው፣ እጄ ታስሯል፣ አፌ ተይዟል፣ ማንም ምንም አይነግረኝም። ከነሕይወቴ የቀበሩኝ መስሎኝ ነበር» ብለሃታል። ስንት ቀን እንደቆየ እንደማታውቅም ነግረሃታል።

እኔ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ነው። አጠገብህ ቆሜ ነበር።

አልረሳሁትም። እማዬም፣ ዶክተሩም፣ አንተም ረሳች ብላችሁ አምናችሁልኛል። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። ሁሉንም በመሐላውና በፎርማኑ ላላክክ እችላለሁ፤ እሱም ውሸት አይሆንም። ግን ለማንም ሳልናገር በስውር መዳፍህ ላይ ልጽፍልህ እችል ነበር። እጅህን ይዤው ነበር እኮ። ያልጻፍኩት ፈርቼ ነው። «ጨብጥ» ብዬ ጽፌልህ ባትጨብጥስ? ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ እኔ ግን «ስላልሰማ ነው» እያልኩ እጽናና ነበር። ከጻፍኩልህ በኋላ መልስ ባትሰጥ ያቺም መጽናኛ አትኖረኝም። ለራሴ ተስፋ ስል አንተን ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ ብቻህን ተውኩህ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ውጪልኝ ካልከኝ እወጣለሁ። መቆጣትህን ተው አልልህም፤ ብቻ ስለተናገርኩ ሳይሆን ስለዘገየሁ ተቆጣኝ።

ሦስት ቀን የዘገየችው
እህትህ