ያዞርኩት ቤተ መጻሕፍት

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 2008

ጥሩ ቀን ዋልኩ። በኮምፒዩተር የምነድፈው የአይከል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሞዴል ሊያልቅ ነው። ላይ ማንበቢያ፣ ታች ለስብሰባም ለሠርግም ለልቅሶም የሚሆን አዳራሽ። የከሰዓት ፀሐይ ግን የአንባቢውን ዓይን ልትወጋው ነው... ስለዚህ ሕንፃውን እንዳለ አዞርኩት፤ ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ሰሜን ሆኑ። የሰሜን ብርሃን ለስላሳ ነው። አንዴ ሲነካ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ቧንቧው ሁሉ አብሮ ዞረ! ይሄን ያስተማረኝ የቢሮ ባልደረባዬ እንዳልካቸው ነው። በወረቀት ቢሆን ስንት ሳምንት ይፈጅ ነበር?

እራት ላይ ለአባባ ጉራዬን ነዛሁ። "ሕንፃውን ሙሉ በሙሉ አዞርኩት እኮ!" "ማሻአላህ" አለ። የአይከልን ሙስሊም ነጋዴዎች "የሁላችንም ቤት ነው" ብሎ ያስተባበረው እሱ ነው። ከእኔ በላይ ቸኩሏል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ከአባባ ጋር አይከል ሄደን ለቤተ መጻሕፍቱ አሠሪ ኮሚቴ ሞዴሉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አሳየሁ። በበሩ ገባን፣ ደረጃውን ወጣን... ሰብሳቢው አያ አለነ "ሸጋ ነው! ሳይሠራ ገባንበት እኮ" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ተኩራራሁ። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ስደርስ እህል ነጋዴው ናስር አስቆመኝ።

"ሰሜን በየት ነው?"

ኮራ ብዬ ጠቆምኩ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። መቀመጫዎቹ በሙሉ ፊታቸው ወደ ሰሜን... ወደ ቂብላ! ሙስሊም ሲጸዳዳ ፊቱንም ጀርባውንም ወደዚያ አያደርግም። ሕፃን ያውቀዋል። በቀን አምስት ጊዜ የምሰግድበት አቅጣጫ እኮ ነው! ስክሪን ላይ ሲሆን እንዴት ብርሃን ብቻ ሆነብኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ደግሞ ይሄ አፌ... "ኮምፒዩተሩ ነው ያዞረው" አልኩ።

ናስር ወደ አባባ ዞረ። "ሐጅ፣ እንዲህም ያደርጋል እንዴ?"

አባባ እኔን አላየኝም። "ልጄ ካለች ነው" አለ። እኔ እንዳዞርኩት እያወቀ!

እሑድ፣ የካቲት 20

መቀመጫዎቹን ወደ ምሥራቅ አዞርኳቸው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ውሸቱስ?

እማማ "ምን ተባባላችሁ? አባትሽ ምነው ዝም አለ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ሌላ ውሸት።

ረቡዕ፣ የካቲት 30

ኮሚቴው ወደ ቢሯችን ደወለ። "ማሽኑ እንደፈቀደው የሚያዞር ከሆነ ነገ ምሰሶውን የት እንደሚያቆመው በምን እናምናለን? በእጅ ይነደፍልን።" አለቃችን ተስማማ። ቢሮው በሞዴል እንዲሠራ ሲለምን የኖረው እንዳልካቸው ጠረጴዛዬ ጋ መጣ።

"ኮምፒዩተር በራሱ አያዞርም፣ መርዋ።"

ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። "ይሁን" ብሎ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ዛሬም አልተናገርኩም። ፈሪ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ተናገርኩ። አይከል፣ ኮሚቴው ፊት ቆሜ፣ እያላበኝ... "ያዞርኩት እኔ ነኝ። ኮምፒዩተሩ ያዘዝኩትን ነው የሠራው።"

"ታዲያ ምነው ያኔ አልነገርሽን፣ ልጄ?" አሉ አያ አለነ።

"አፍሬ ነው፣ አያ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የታረመውን አሳየኋቸው፤ በሞዴሉ ይቀጥል ተባለ። እንዳልካቸው ደስ ይለዋል ብዬ አሰብኩ። ቅልል አለኝ። ለካ አንድ ነገር አላሰብኩም... ናስር ወደ አባባ ዞረ።

"ሐጅ፣ አንቱም ያውቁ ነበር?"

አባባ ናስርን ቀና ብሎ አየው። "አውቅ ነበር።"

ማንም ክፉ አልተናገረውም።

ስንወጣ ገበያው መሃል ሁለት ነጋዴዎች በጤፍ ይጨቃጨቃሉ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አይከል ላይ እንዲህ ሲሆን "ሐጅ ይዳኙን" ነው የሚባለው። አባባም ልማዱ ነውና እርምጃውን ቀነስ አደረገ። አዩት። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉት። ከዚያ ከኋላችን የሚመጣውን ናስርን ጠሩ።