ሲሪንቃ ላይ ያወረድኩት ሰው

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ መርሳ መናኸሪያ ውስጥ ተመታሁ። ለወልዲያ ተሳፋሪ እየጫንኩ ሳለ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው መጥቶ የምነዳትን አውቶቡስ ዞሮ አያት።

"በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ያመላለስክባት ይቺ ናት?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

በክራንቹ አፌን መታኝ። ስወድቅ ደገመኝ። ሁለት ጥርሴ ረገፈ። ሰዎች ይዘው ሊደበድቡት ሲሉ "ተዉት፣ ይናገር" አልኳቸው።

"ሲሪንቃ ላይ ሞቷል ብለህ ያወረድከው ወንድሜ ነው" አለ። "አጠገቡ ተኝቼ ነበር። እጄን ጨብጦ ይዞኝ ነበር።"

ያን ቀን የአውቶቡሷ ወንበሮች ተነቅለው ወለሉ በቁስለኛ ተሞልቶ ነበር። ከወልዲያ ወደ ደሴ ነበር የምንሄደው። ደሙ በደረጃው ይወርድ ነበር። ሲሪንቃ ስንደርስ ሌሎች ቁስለኞች መንገድ ዳር ተኝተው ጠበቁን። ከኮረብታው ተኩስ ተከፈተብን፣ መስታወቱ ላያችን ላይ ረገፈ። ቦታ ስላልነበረ የሞቱትን እየጎተትኩ አወረድኩ፤ በነሱ ቦታ ሌሎቹን ጫንኩ። እያንዳንዳቸውን አፍንጫቸው ላይ እጄን አድርጌ አይቻለሁ። ትንፋሽ አልነበረም። ግን ተኩሱ ስላላቆመ እየተጣደፍኩ ነው ያየሁት።

"የሞተ መስሎኝ ነው" አልኩት።

"ስትጎትተው አቃስቷል" አለኝ።

ፖሊስ መጥቶ ትከሰዋለህ ወይ ሲለኝ አልከሰውም አልኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አፌን እያጠበች ማን እንደመታኝ ጠየቀችኝ። ሰካራም ነው አልኳት። እውነቱን ብነግራት ያወረድከው ልጅ ሞቶ ነበር ወይስ አልሞተም ብላ ትጠይቀኛለች።