ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
የደንበኛ ቀሚስ ሳሳጥር ዋልኩ። አባዬ በግራ እጁ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ይጠቁማል። ምን ፈልጎ ነው? ስትሮክ ከመታው ወዲህ በቀን አንድ ሁለት ቃል ቢወጣው ነው... ለካ በሪሞት የሚሄደውን መጫወቻ የጭነት መኪናውን ኖሯል። ድሮ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር የሚነዳውን። አወረድኩለት። ባትሪውን ሞልቼ ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም። መርፌ እንጂ ሞተር መች አውቃለሁ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ፈታሁት። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ያ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው፣ ትልቁ ማርሹ ጥርሱ አልቆ ድዱ ብቻ ቀርቷል፤ የፊቱም እንደዚያው። የሁለቱም መለዋወጫ ከአባዬ መሳቢያ ተገኘ። ቀየርኩ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ ገጠምኩ። ኩራቴ!

ዓርብ፣ የካቲት 7
ኩራቴ አልበረከተም። መኪናው ባለበት ይንዘፈዘፋል። ከፍ አድርጌ ሳየው የፊት ጎማዎቹ ወደፊት፣ የኋላዎቹ ወደኋላ! እንዲህም አለ? እንደነበረ አይደል እንዴ የመለስኩት?
አባዬ «ገልብጪው» አለኝ። መኪናውን ገለበጥኩት። «ገልብጪው!» መልሼ በጎማው አቆምኩት። የወንበሩን እጀታ በቡጢ መታ። እንባው መጣ። እኔም ግራ ገባኝ።
ታላቃችን፣ ወንድም ጋሼ፣ ደረሰ። «ምን ታደክሚዋለሽ? ሐሳቡ ሄዷል እኮ። እኔ ቤት እወስደዋለሁ፣ ይሄን ቤት እናከራየዋለን።» እዚያው አባዬ ፊት። እውነቱን ይሆን?

እሁድ፣ የካቲት 9
እንደገና ፈታሁት። የኋላውን ዲፈረንሻል እንዳወጣሁ አባዬ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በግራ በኩል የነበረውን ትልቁን ማርሽ ወደ ቀኝ አዙሮ መለሰልኝ። «ገልብጪው»... ወይ የኔ ነገር! መኪናውን ሳይሆን ይሄን ኖሯል። አዙሬ የገጠምኩት ለካ እኔው ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
አራቱም ጎማ ወደፊት! አባዬ በግራ እጁ እየነዳ፣ ወንድም ጋሼ ከሥራ ወደ እኛ ጎራ ሲል ጫማውን ገጨለት።
«አባዬ፣ አውቀህ ነው?» አልኩት።
«አውቄ።»
ወንድም ጋሼ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ያን ቀን ያልኩትንም... ሰምተህ ነበር?»
«ሁሉን።»
ስንት ወር ሙሉ በፊቱ ምን ምን ስንል ከረምን?
ጉልበቱ ሥር ቁጭ ብዬ ጠየቅኩት። «አንተ የት መኖር ነው የምትፈልገው?»
«ላስብበት» አለና መኪናውን ወደ ጓሮ ነዳው።