ተቀባይ ያልነበረው ሸክላ

አባዬ፣ የደጋኑ መንዙማ አውጪ፣ አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህንም ያስፋልህ። ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ሊገባ ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው አንቱ ስትልህ እኔ አንተ ማለቴን ሰው ሁሉ ነውር ይለው ነበር። አንተ ግን ደስ ይልህ ስለነበር ዛሬም አልተውኩትም። ፊደል እንድቆጥር ጎረቤታችን ቄሱ ዘንድ የላክኸኝ ጊዜም ብዙ ተወርቷል። ይኸው ያወሩት ሰዎች ሳይሆኑ እኔ እጽፍልሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። እናቴን ደሴ አምጥቻታለሁ፤ ከእኔና ከባሌ ጋር ሸዋ በር ትኖራለች። የጦሳ ተራራ ብርድ ቁርጥማቷን ቀስቅሶባት ቀን ሙሉ አገሯን ደጋንን ስታነሳ ትውላለች። በቅሎህን አጎቴ ወስዷታል። የሐረጎን ዳገት አሁን በበቅሎ የሚወጣው ጥቂት ሰው ነው፤ ጣሊያን መንገዱን አስፍቶት ካምዮኑ ቀንም ሌትም ያጓራበታል። ብታየው አቧራውን ስትራገም ትውል ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራልህ ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው። ተናድጃለሁ አባዬ። ሸክላዎችህ መጡ።

ኮምቦልቻ ጨርቅ የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት፣ የመናዊው አህመድ፣ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ የያዘ እንግዳ ቤቱ አሳርፎ ያስጠራህን ቀን መቼም አትረሳውም። ከዚያ ተመልሰህ ብዙ ሳትቆይ ንዳድ ይዞ ወሰደህ። የቀዱት ባሕር ተሻግሮ ሸክላ ሆኖ ሲመለስ አንተ አፈር ለብሰሃል። የራስህን ድምፅ ሳትሰማው ቀረህ። አሁን አህመድ ባለ መዘውሩን ማጫወቻ ሱቁ በር ላይ አስቀምጦ ቀን ሙሉ ያዞረዋል፤ ደሴ አራዳ ያለው ወንድሙም እንዲሁ። ሰው ይሰበሰባል፣ ይሰማል፣ ከዚያ አፉን ይከፍታል።

የሚሉትን ልንገርህ። ሁሉም የሚጀምሩት ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ብለው ነው፤ ከዚያ አርፈው ይወቅሱሃል። ጥጥ ነጋዴው ድሮም ትንፋሽ አልነበረውም አለ። ያ ሰው መንዙማ በሚታደርበት ሐድራ ላይ ሳያንኮራፋ ያደረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሌሎቹ ለጣሊያን ብሎ ነው የዘፈነው አሉ። በተቀዳህበት ክፍል ጣሊያን አልነበረም፤ መንዙማም ዘፈን አይደለም፤ ግን ማን ይሰማል። ድቤ የሌለው መንዙማ ጨው የሌለው ወጥ ነው ያለም አለ። ድቤውን መርፌውን ያዘልልብኛል ብሎ የከለከለው እንግዳው ነው። አንድ ሸህ ደግሞ የነቢን ውዳሴ ሰው ከነጫማው በሚቆምበት ሱቅ በመዘውር ማዞር ነውር ነው አሉ። እሳቸው እንኳ ምክንያት አላቸው። ባልወደውም ዝም ብዬ ያዳመጥኩት የእሳቸውን ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንድ ቤት ግጥም ታወጣና ጸጥ ትላለህ። ሸክላው እየተንሿሿ ይዞራል፣ ያንተ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ቀጣዩን ቤት ታወጣለህ፤ ደግሞ ጸጥ። የሚስቁብህ እዚያ ላይ ነው። ረሳው ይላሉ። ሥራ ፈት ጎረምሶች አንተ ጸጥ ባልክ ቁጥር ሆን ብለው እህ እህ እያሉ በሳል ይቀልዱብሃል።

እኔ እንደሰማሁት ገብቶኛል። ከመጋረጃው ጀርባ ከሴቶቹ ጋር ስቀበልህ ነው ያደግሁት። አውጪው ቤቱን ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል፤ የተቀባዮችን ተራ የሚነጥቅ አውጪ ባለጌ ነው፤ ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ። እንግዳው ሰው ከበዛ ድምፁ ይደበላለቃል ብሎ አንተን ብቻህን አስገባህ። አንተ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመህ፣ የሌሉት ሰዎች ተቀብለው እስኪጨርሱ ጠበቅህ። አህመድ እንደነገረኝ እንግዳው ቀጥል፣ ቀጥል እያለ እጁን ሲያወናጭፍ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እንዴት ያለህ ግትር ሰው ነበርክ።

ለማን ልንገር? ወንዶች በቆሙበት ሱቅ የሴት ቃል ሚዛን አይደፋም። ነገሩም የሱቅ ወሬ ሆኖ አልቀረም። መውሊድ ሲቃረብ የደጋን ሽማግሌዎች ያንተ መንዙማ ዘንድሮ እንዳይወጣ መከሩ። ባለቤቱ የረሳውን እኛ ምን ብለን እንይዘዋለን ተባለ። ዘንድሮ ከተዘለለ ለከርሞ ማን ያስታውሰዋል? ቃሉን እኔ ልጽፈው እችላለሁ፤ አቀባበሉ ግን በሰው ጉሮሮ ካልሆነ የትም አይቀመጥም፤ ሸክላው የያዘው ግማሹን ብቻ ነው። አንተን ቀብሬ ሳልጨርስ ሥራህን ደግሞ ልቀብር ነበር።

ምክሩን የመሩት ማን መሰሉህ? አያ ሰይድ ናቸው። አዎ፣ የራስህ አያ ሰይድ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከቀኝህ ተቀምጠው ተቀባዮቹን ሲመሩ የኖሩት። ኮምቦልቻ ስትጠራ ሳትነግራቸው ብቻህን በመሄድህ አኩርፈዋል። ሸክላውንም አልሰማም ብለው ነበር፤ ሳይሰሙ ነው የፈረዱብህ። ደጋን ሄጄ ሸክላውን እንዲሰሙ ብለምናቸው እንቢ አሉ። በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ቆምኩ። እኔ የበደልኳቸው ነገር ኖሮ አይደለም፤ የአንተን ዕርቅ ነው የተሸከምኩልህ። ያን አይተው እንቢ የሚል የወሎ ሽማግሌ የለምና ከዘራቸውን አንስተው ወደ አህመድ ሱቅ ተከተሉኝ።

ሱቁ በር ላይ የተለመዱት ሰሚዎች ቆመዋል። እኔ ሻሼን ስቤ ከጨርቁ ጣቃ ጀርባ ተከለልኩ። አህመድ መዘውሩን ጠመዘዘ። የመጀመሪያውን ቤት አወጣህ፣ ጸጥ አልክ። ጎረምሶቹ ሳላቸውን ጀመሩ። አያ ሰይድ ፊታቸውን አጨፍግገው መሬት መሬት ያያሉ። ሁለተኛውን ቤት አውጥተህ ጸጥ ስትል በዚያ በሻከረ ድምፃቸው ተቀበሉህ። እሳቸው ሲጨርሱ አንተ ጀመርክ፤ አልቀደምካቸውም፣ አልዘገየህባቸውም። አንዱ ሰሚ ሽማግሌው ዝም ይበሉ እንጂ፣ እየሰማን ነው ብሎ ገሠጻቸው።

አያ ሰይድ ዞረው አዩት።

«እሱ አልረሳም» አሉ። «ተራው የእኛ ነው። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ፣ ተቀበሉ።»

ሁሉም አልተቀበለም። ጥጥ ነጋዴው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። የቀሩት ግን አንድ ሁለት እያሉ ገቡበት፤ እኔም ከጣቃው ጀርባ ተቀበልኩህ፤ እያለቀስኩ ስለነበር ዜማውን አበላሸሁት። አያ ሰይድ ሲወጡ አልመረቁኝም። ብቻህን መሄድህን አሁንም ይቅር እንዳላሉህ ነግረውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልክ ናቸው። መንገር ነበረብህ አባዬ።

አያ ሰይድ ያን ምክር አፍርሰውት መንዙማህ በመውሊዱ ወጣ። ያወጣው ሰው ድምፁ ያንተን አያክልም። የሳቁብህ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ወዳጅህ እንደነበሩ ሁሉ እያጨበጨቡ ሲቀበሉ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። አንተ ብትሆን ይቅር ትላቸው ነበር። እኔ ገና ነኝ፤ ጥጥ ነጋዴውንማ እንጃ።

አህመድ አንዱን ሸክላ ሰጥቶኛል። ማጫወቻ ስለሌለኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ልጄን መቀበል እያስለመድኳት ነው፤ ቃሉን ገና ትሰባብረዋለች፣ ተራዋን ግን አትስትም። እናቴም ቁርጥማቷን ረስታ አብራን ትቀበላለች።

በዚያ ባዶ ክፍል ቆመህ እኛን ጠብቀኸናል። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ከእኔም በኋላ ልጄ እስካለች፣ አንተ ጸጥ ባልክበት ቦታ የሚቀበልህ ሰው አታጣም።

ልጅህ ዘሀራ