በረዶ ላይ የወደቀ ዳቦ

ዓርብ፣ ኅዳር 3/86። ከሥራ መልስ።

ዛሬም ለቀምን። አካፋ፣ መጥረጊያ፣ ቦቲ ጫማ። የበረዶ ሆኪ ጨዋታ በኖረ ቁጥር ይኸው ነው፤ ደጋፊው ሲናደድም ይወረውራል፣ ሲደሰትም ይወረውራል። የቢራ ኩባያ፣ ላይተር፣ የሽንት ቤት ወረቀት። ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል፤ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሆርስት በረዶው ላይ እየተንሸራተትን እናጸዳለን። ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ግን ዳቦ። የእንግዶቹ በረኛ ወፈር ያለ ነው፤ ብላ ሊሉት መሰለኝ፣ አንድ ብሮትሸን እግሩ ሥር ወረወሩ። አነሳሁት፣ ሳምኩት፣ ግንባሬን አስነካሁት፣ ኪሴ ከተትኩት። እጄ ነው እንጂ እኔ አላሰብኩበትም። የወደቀ እህል ሌላ ምን ይደረጋል? አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሆርስት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ልማድ ነው አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

ልጄ ሜሮን ከጓደኞቿ ጋር ደጋፊው መሃል ቆማ ነበር። ስንመለስ በከተማው ባቡር፣ ሽትራሰንባን ውስጥ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ቅዳሜ፣ 4። ጠዋት።

ቁርስ ላይ አፏን ከፈተች፤ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ። ጓደኞቿ «የዳቦ ሳሚው ልጅ» እያሉ ስቀውባታል። ዳቦው ቆሻሻ ነበር፣ ሰው ሁሉ አየህ፣ ምን ነካህ ትለኛለች። ተናደድኩ። ያሳደገሽ ይኸው ዳቦ ነው አልኳት። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ደብተሬ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እህል እንደማይረገጥ ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር። ለካ እቤታችን ዳቦ መሬት ወድቆ አያውቅም። ከየት አይታው ትወቀው?

ዓርብ፣ 10።

የፈራሁት ደረሰ። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ዳቦ ዘነበ። ከበረኛው ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ለኔ ነው። ሳመው፣ ሳመው እያሉ ያጨበጭባሉ። ጎንበስ ቀና እያልኩ ሁሉንም ሳምኩ። ምን ላድርግ? አንዱን ስሜ ሌላውን ልተወው? በሳምኩ ቁጥር ይጨምራሉ። በዚያ ብርድ አላበኝ። ሼፌ፣ የሥራ አለቃዬ፣ ደስ ብሎታል፤ ወደውሃል፣ እጅህንም አውለብልብላቸው አለኝ።

ሜሮንን በዓይኔ ፈለግኳት። አላጨበጨበችም። አንገቷን ደፍታለች።

እንግዲህ እህሉን የማስጥለው እኔ ሆንኩ። የከነከነኝ እሱ ነው።

እሑድ፣ 12። ሚካኤል።

ከቤ/ክ ስንወጣ ጋሽ ተስፋይን አማከርኳቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ሠርተው ጡረታ የወጡ። እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ቆም አሉና፣

«ዳቦውን ነው የምታከብረው ወይስ ያደግክበትን ልማድ? ዳቦውን ከሆነ መሳሙን ተው» አሉኝ።

እርስዎ ቢሆኑ ይችሉታል ወይ አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተሰናበቱኝ።

ክፉ ምክር። ግን ልክ ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝም ልክ መሆኑ ነው።

ዓርብ፣ 17።

አልሳምኩም። በአካፋ ዛቅሁት። ከኩባያው ጋር፣ ከቆሻሻው ጋር። ፉጨት፣ ጩኸት።  ይቅር በለኝ አልኩ በሆዴ። ከፓውዘው እረፍት በኋላ ሁለት ሦስት ወረወሩ፤ አሁንም አካፋ። ሰለቻቸው። መጨረሻ ላይ ኩባያና ላይተር ብቻ ሆነ። አሸነፍኩ ማለት ነው። ደስ ግን አላለኝም።

ሜሮን መውጫው ላይ ጠበቀችኝ። ዛሬ ከጎኔ ሄደች። ለምን እንዳልሳምኩ ጠየቀችኝ፤ ጋሽ ተስፋይ ያሉትን ነገርኳት።  የባቡሩ ማቆሚያ ጋ ስንደርስ ከካፖርቷ ኪስ ዳቦ አወጣች። የጫማ ምልክት አለበት። በረዶው ጋ ሳይደርስ ደረጃው ላይ ወድቆ ሲረግጡት አንስታዋለች፤ ያውም ጓደኞቿ እያዩ።

«አባዬ» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ «ከሳሙት በኋላ የት ነው የሚቀመጠው?»

እግር የማይደርስበት ቦታ፣ ወፍ እንዲያገኘው አልኳት።  የማቆሚያው ግንብ ላይ አኖረችው። ስማው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሽትራሰንባን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ተስማማን። በረዶው ላይ የሚወድቀው የኔ፣ በአካፋ። ከደጋፊው መቀመጫ ሥር የሚወድቀው ደግሞ የሷ፣ በእጇ።