የወይዘሮ ቫን ዶርን ክንድ

ማክሰኞ፣ ጥር 9
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ውሃው በረዶ። ጄኔራሉ ከእንግሊዞች ጋር ይዋጋሉ፣ ሚስታቸው ከእኛ ጋር... ዛሬ ሰበሰቡንና "ፈንጣጣው ሠራዊቱን ጨረሰው። ቤቴ በሙሉ ይከተባል። መጀመሪያ ክንዴን የምሰጠው እኔ ነኝ" አሉ። የታማሚ መግል ክንዴ ውስጥ ሊጨመር? ብሞትስ? ለወጥ ቤቷ ለፊቢ ፈራሁ ብላት፣ "ፈንጣጣ የሚያበላሸው መልክ ነው፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?" አለችኝ። ተባረኪ ፊቢ።

ሐሙስ፣ ጥር 11
ሐኪሙ መጣ። እመቤቴን ድንገት ራሳቸውን አመማቸው። "ዶርካስ፣ አንቺ ጀምሪ።" ጀመርኩ። ቢላው ሲነካኝ እናቴን ጠራሁ። እሳቸውማ ክንዴን ለወንድ አላሳይም ብለው መድኃኒቱን ተቀብለው ጓዳ ገቡ። ጥብጣብ አስረው ወጡ። ጀግና። በኋላ ልብስ ሳስለውጣቸው ጥብጣቡ ወደቀ... ክንዳቸው ጭረት እንኳ የለውም።
"ምን አየሽ?"
"ምንም እመቤቴ።"
እውነቴን እኮ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 15
በሽታው ወደ ሰፈሩ እንዳይወጣ በሩ ተዘጋብን። ሐኪሙ በመስኮት "ከነገ ወዲያ ትኩሳቱ ይጀምራችኋል። ያልተከተበ አብሯችሁ ካለ ዋናው ፈንጣጣ ይይዘዋል፣ የሚገድለው" አለ። እመቤቴ የዝይ ጥብሳቸውን እየበሉ "ምስኪን" አሉ። ሹካዋ ግን አየር ላይ ቀረች። ብናገር ያባርሩኛል፣ በዚህ ብርድ የት እገባለሁ? ዝም ብልስ... እኔው ልገድላቸው?

ማክሰኞ፣ ጥር 16
ተናገርኩ።
"እመቤቴ፣ አልተከተቡም። ከእኛ ይይዝዎታል።"
ጥፊ ስጠብቅ...
"ጄኔራሉ ለመኮንኖቹ ሁሉ አውርተዋል፣ ሚስቴ ቀደመች ብለው" አሉ፣ ድምፃቸው ሞቶ።
"ቀድመዋል እኮ፣ ወደ ጓዳ።" አመለጠኝ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። ሐኪሙን በጓሮ በር አስገባሁት። ሲቆርጣቸው እጄን ጨብጠው ጣቶቼን ሊሰብሩኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 26
ሁላችንም ተረፍን። ትናንት ሰባኪው "ክንዷን ቀድማ የሰጠች እመቤት" እያለ ሰበከ። ስሟ ለልጅ ልጅ ይተርፋል አለ። የእኔን ረሳው መሰለኝ። ዛሬ ታዲያ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለመከተብ ግቢውን ሞላው። እመቤቴ ሐኪሙ አጠገብ አቆሙኝ፣ የፈራችውን እንድይዝ። እኔ!
የጋጋሪው ሚስት እጄን ጨብጣ "እውነት እሳቸው አልፈሩም?" አለችኝ። እውነቱን ልናገር? ከኋላዋ ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል... ልጅ ያዘለችም አለች።
"ምን ፈርተው? እኔን ያጽናኑኝ እሳቸው አይደሉ!" አልኩ።
እጅጌዋን ሰቀለች።