የጉንዳን እናት

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ነጅማ፣

«የሀብተ ማርያምን ግጥሚያ ትናንት ከልጄ ጋር አየነው። አራት ደቂቃ ነው። እናትየዋ የለችም። ጉንዳንም ይሸነፋል። ሰውየው ምን ሲተረጉምልን ነበር? በበኩሌ ለማየት አይበቃም፤ ከዝርዝሩ ይውጣ።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። አራት ነጥቡን ብቻ እኔ ጨመርኩ፤ አንቺ ለሥርዓተ ነጥብ ግድ የለሽም። ይህን የለጠፍሽው ረቡዕ ሚያዝያ 7 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አርባ አንድ አባላት ባሉት የድሮ ሰፈራችን ግሩፕ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ የአንድ ሰው የፍቺ ውሳኔ እየተረጎምኩ ነበር። እንጀራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ክፍል፣ በየገጹ ግርጌ «ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብዬ ማህተም ስመታ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድም ሰነድ ተሳስተሃል ተብሎ አልተመለሰብኝም። አንቺ ግን ቡታጅራ ቁጭ ብለሽ፣ በአንድ ጣትሽ፣ አርባ ሰው ፊት መለስሽብኝ።

ረሻድ ሁለት ደቂቃ አልታገሠም። «ሀብቴ ማህተሙን ያስረክብ» ብሎ ጻፈ። ዱሬሳ ደግሞ፣ ስፖርት ሲያስተምር የኖረ ሰው አፉን መሰብሰብ ሲገባው፣ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ማታ ወደ ቤት ስገባ ረሻድ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ተጣራ።

«ሀብቴ፣ እናትየዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

መናደዴን አልደብቅሽም። ሰፈራችን ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የቀረችን ያቺ አንድ ቀን ናት። በግንቦት ልደታ ጠዋት ንፍሯችንን ቀቅለን፣ ከሰዓት በኋላ በብሎካችን የጋራ አዳራሽ ተሰብስበን፣ ድሮ በጋሽ በሱፍቃድ ቪዲዮ ቤት ከምናውቃቸው የሬስሊንግ ግጥሚያዎች አምስቱን መርጠን እናያለን። አምስቱ እንዴት እንደሚመረጡ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። ክርክሩ ከጥምቀት ማግስት ይጀመራል። ረሻድ ዘንድሮም «ወንበር ያልተሰበረበት ሬስሊንግ ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ነው» ብሎ ገባ። ዱሬሳ መሬት ላይ ተጠላልፈው ሃያ ደቂቃ የሚቆዩትን ሁለቱን ቀጫጮች አቀረበ፤ ረሻድም «ይሄ ሬስሊንግ አይደለም፣ ሁለት ሰው አንድ ብርድ ልብስ ሲሻማ ነው» አለው። አንድ ሳምንት ተኮራረፉ። አንቺ አስታረቅሻቸው። «ብርድ ልብሱን የወሰደው የበረደው ነው፣ እሱን እዩለት» አልሽ፤ ዱሬሳ በደስታ ሦስት ጊዜ ደገመው።

ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። በክርክሩ ሁሉ ስለ ሰዎቹ ጠባይ፣ ስለ ቂማቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው ትናገሪያለሽ። ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን በየትኛው ገመድ ላይ እንደወጣ አንድ ቀን አንስተሽ አታውቂም።

አምስተኛው ግጥሚያ ላይ ግን ተከራካሪ አልነበረም። ረሻድ ራሱ «የሀብቴ ዝናብ ሳትኖር ግንቦት ልደታ የለም» ብሎ አስመዘገበው። እኛው ዝግባና ጉንዳን ያልናቸው የግዙፉና የትንሹ ታጋይ ግጥሚያ። የረሻድ ልጅ ዘንድሮ ከኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አግኝቶት ነበርና ግሩፑ ላይ ለጠፈው። እኔ አልከፈትኩትም። ለምን እንዳልከፈትኩት ወደ ታች እነግርሻለሁ።

የከፋው ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ መሆኔ ነው። አንቀጽ አራት፦ «ማንኛውም አባል በጽሑፍ የተቃወመው ግጥሚያ፣ ተቃዋሚው ራሱ ተቃውሞውን በጽሑፍ ካላነሳ በቀር አይታይም።» ረሻድ ያመጣቸውን ደም የበዛባቸውን ለማስቀረት ብዬ ያወጣሁት አንቀጽ ዞሮ ራሴን ያዘኝ።

ሐሙስ ቢሮዬን ከውስጥ ቆለፍኩ። ለፍርድ ቤት የድምፅ ማስረጃ ሲመጣ እንደማደርገው ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩ፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ግጥሚያውን ዐሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁ። ስለ እናትየዋ አንዲት ቃል ካገኘሁ ከነሰከንዱ ጽፌ፣ ማህተም መትቼ ግሩፑ ላይ ልለጥፍልሽ ነበር። አንድ ቃል አላገኘሁም። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ተናጋሪው ግማሹን ጊዜ የሚያወራው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚደረግ ሌላ ግጥሚያ ነው። ዝግባ ጉንዳንን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ ይተኛበታል፤ ዳኛው ሦስት ይቆጥራል፤ አለቀ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከተመልካቹ መካከል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ራሷን በነጭ ሻሽ የሸፈነች አሮጊት ለአንድ ሰከንድ ትታያለች። የሆነ ነገር እየበላች ነው። ወደ ሪንጉ እንኳን አትመለከትም።

እናትየዋ እሷ ናት፣ ነጅማ። ሌላ የለም።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር። ዘመኑ 1984 ነበር። ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ቅዳሜ ሰፈር ስመጣ ጋሽ በሱፍቃድ ከቪዲዮው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ያስቀምጠኛል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሥራውን የጀመርኩት ዱሬሳ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ፊት «ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ይሄንን ካልተረጎምክ እዚያ ምን ታደርጋለህ?» ስላለኝ ነው። እንደዚያ የሚፈጥን እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቁጥሮቹንና «ክቡራትና ክቡራን» የምትለዋን ብቻ ነበር የምይዘው። የቀረውን ፊታቸውን እያየሁ እሞላዋለሁ።

የዝግባና የጉንዳን ዕለት ግን ፊት የሚባልም ጠፋ። ቴፑ ተበልቶ ነበርና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ያቺ ሻሽ የለበሰች ሴት እንደታየች፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ዝናብ መዝነብ ጀመረ። የሰውየው ድምፅ ግን ይጮኻል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስልሳ ሰው። «ያቺ እናቱ ናት» አልኩ። «ልጇ ምን ሠርቶ እንደሚያድር አታውቅም፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየው ከገጠር መጥታለች፤ ተናጋሪው ነው ያለው።» ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረኝም። ጉንዳን ወደቀ፤ እናቱ ተነሳች፤ ዘበኛው «ይቀመጡ እማማ» አላት፤ «ልጄ ወድቆ እኔ ምን ብዬ እቀመጣለሁ» አለችው። ዝናቡ ሳያባራ ቴፑ ወደሚቀጥሉት ግጥሚያዎች አለፈ፤ ጩኸታቸውን ሁሉ ለጉንዳን አደረግሁለት። ሃያ አምስት ደቂቃ ታገለ። ዝግባን ከሥሩ ነቅሎ ጣለው። ረሻድ አለቀሰ፤ አሁን ቢክድም አልቅሷል።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሰው «የዝናቧን ክፈት» እያለ አስቸገረ። እኔም እንዳልሳሳት ታሪኩን ደብተር ላይ ጽፌ አጠናሁት፤ ከሳምንት ሳምንት አንዲት ቃል አልለዋወጥኩም። ውሸቱ ውስጥም ቢሆን ጠንቃቃ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ስናወራው ግን እኔም ራሴ አመንኩት። ግማሽ በግማሽ አመንኩት ልበል። የረሻድ ልጅ የላከውን ያልከፈትኩት ለዚህ ነው። በግንቦት ልደታ መብራት ይጠፋ ይሆናል ብዬ በልቤ ሳልመኝ አልቀረሁም።

ትናንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ለብቻዬ የላክሽው መልእክት ደረሰኝ። እሱንም ገልብጬዋለሁ፤ በዚህኛው ነጥብም አልጨመርኩ፣ እጄ አልታዘዘልኝም።

«ወንድሜ ሀብቴ ሲስቁብህ አይቼ ደነገጥኩ እኔ እኮ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም አባዬ ይፈቅድ ነበር እንዴ ከሱቃችን ጓዳ ስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ በግድግዳው ነው የምሰማህ እናትየዋን ላያት ሠላሳ አራት ዓመት ጓጉቼ ሳጣት ጊዜ ነው የተናደድኩት ደግሞ ድምፅህ ሲያንስብኝ ግድግዳውን ስመታ ይባስ ትቀንሱብኝ ነበር ለእናትህ ለእማማ ወለተሰንበትም ነፍሷን ይማርና ነጭ ጋዝ ልትገዛ ስትመጣ ሁሉን እነግራት ነበር እየደጋገመች ታስነግረኝ ነበር ቢሆንም ተቃውሞዬን አላነሳም የሌለችን ሴት አለች ብዬ አልፈርምም»

መጀመሪያ ስለ ግድግዳው። ያንን ኳ ኳ ኳ በደንብ አስታውሰዋለሁ። ጋሽ በሱፍቃድ በተመታ ቁጥር እጁን እያወዛወዘ «ሐጂ ነስረዲን ተቆጡ፣ ድምፅ ቀንሱ» ይለን ነበር። አባትሽን ሳገኛቸው አንገቴን ደፍቼ ነበር ሰላም የምላቸው። አንድ ቀን ይቅርታ ስጠይቃቸው «ለምኑ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ ትልቅነታቸው ነው ብዬ ሄድኩ። ጨምሩ የሚለውን ቀንሱ ብለን ስንተረጉም ኖርን ማለት ነው። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ የትርጉም ስህተት ይሄ ነው እንጂ እናትየዋ አይደለችም። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን እስክንፈራፈር ሳቅሁ። የፍቺ ውሳኔውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ በሱ የምስቅ መስሎት ከፋው፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። እሱም «እና ጉንዳን ተሸነፈ?» ብሎ አዘነ።

ቀጥሎ ስለ እናቴ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በወሩ እናቴ የምቀመጥበትን ወንበር ላየው ብላ በእግሯ ስድስት ኪሎ ድረስ መጣች። ዘበኛው ከበር መለሳት። ቅር ሳይላት «በሩ ትልቅ ነው፣ ደስ ይላል» ብላ ተመለሰች። ስክሪኑ ዝናብ ሲሆንና ስልሳ ሰው ሲያየኝ አፌ ላይ የመጣችው እሷ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። በመጨረሻ ጉንዳን ከሪንጉ ወርዶ ዘበኛውን ገለል አድርጎ እጇን ይዞ አስገባት፤ ይህን እኔ ለራሴ ነበር የተረጎምኩት።

እናቴ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። ያን ክረምት ግን፣ የማሾ መብራቱን መስታወት እየወለወለች፣ በድንገት «ያ ጉንዳን ያላችሁት ልጅ እናቱን እዚያው አሳደራት ወይስ ወዲያው መለሳት?» አለችኝ። ደነገጥኩ። «አሳደራት» አልኩ። «ጎሽ» አለች፤ ፊቷን አዙራ ስትስቅ አየኋት። ማን እንደነገራት እስከ ትናንት አላወቅሁም ነበር። አንቺ ነሽ። እኔ በፊቷ ልለው ያልደፈርኩትን አንቺ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠሽ ሰምተሽ፣ በጋዝ መስፈሪያው ላይ አድርገሽ አደረስሽልኝ። ከሁለታችን ትክክለኛዋ ተርጓሚ አንቺ ነበርሽ፤ ማህተሙን ማስረከብ ካለብኝ ለአንቺ ነው።

ይህ ሁሉ ግን አንቀጽ አራትን አይሽረውም፤ ንዴቴም ሙሉ በሙሉ አልበረደም። አርባ ሰው ፊት ከመጻፍሽ በፊት እኔን መጠየቅ ትችይ ነበር። ቢሆንም ቃልሽን እንደ ሥራዬ ደግሜ መረመርኩት፤ «ለማየት አይበቃም» ነው ያልሽው። ልክ ነሽ፣ አይበቃም። ያን የቪዲዮ ቤቱን ግጥሚያ ግን አንቺም አላየሽው፣ ረሻድም አላየው፣ እኔም አላየሁት፤ ሁላችንም የሰማነው ነው። ስለዚህ የሌለችን ሴት አለች ብለሽ እንድትፈርሚ አልጠይቅሽም። ዝርዝሩ ላይ አምስተኛው «የዝግባና የጉንዳን ግጥሚያ፣ ስክሪን ጠፍቶ የሚሰማ» ተብሎ ይጻፍ፤ አንቺም በዚህ መልኩ ከሆነ ተቃውሞሽን ማንሳትሽን ጻፊ። ደብተሩ አለኝ። አንድ ቃል አልለውጥም።

ግንቦት 1 ዘንድሮ ቅዳሜ ይውላል፤ ሱቅ አለብኝ እንዳትዪ፣ ልጅሽ ይጠብቀው። ከፊት ረድፍ ወንበር ይቀመጥልሻል፤ በመካከላችን ግድግዳ አይኖርም። ድምፄ ካነሰብሽ ወንበሩን ሦስቴ ምቺ። ትርጉሙን አሁን አውቀነዋል፤ እጨምራለሁ።

ደብዳቤውን በከር ሹፌሩ ነገ በእጁ ያደርስልሻል፤ መልስሽንም እሱ ያመጣልኛል። በድምፅ መልእክት እንዳትልኪልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፍ ወለምታ ግን በጽሑፍ ይታሻል። ዝርዝሩ አዳራሹ በር ላይ የሚለጠፈው ማክሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በእጅሽ የተጻፈ፣ በስምሽ የተፈረመ፣ ቢቻል አራት ነጥብ ያለው መልስ ከዚያ ሰዓት በፊት እጄ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ሀብተ ማርያም
ፈቃድ ያለው ተርጓሚ፣ የጉንዳንም የእናቱም